አንቱ የተባለ ቅጠል

ጋሼ ጤዛ የሚለውን ስም ያወጡለት የኮሌጁ ዘበኞች ናቸው። ጠዋት ዕፅዋት ከሚያድጉበት መስታወት ቤት ብቅ ሲል ቅንድቡ ላይ፣ ጢሙ ላይ፣ የሹራቡ ጸጉር ላይ ሁሉ ጠብታ ተንጠልጥሎ ያዩታል። ሥራው ውሃ መርጨት ነው። የሚረጭላቸው ደግሞ ፈርኖች ናቸው፤ አበባ የማያወጡ፣ ፍሬ የማይሰጡ፣ ጥላና እርጥበት ካገኙ ከማንም ጋር ጠብ የሌላቸው ዕፅዋት። እሱም እንደነሱ ነበር። ከገዛ ልጁ ጋር እስከተጣላባት ቀን ድረስ ከማንም ጋር ጠብ አልነበረውም።

አንድ አመል አለው፤ ከቅጠል ጋር ያወራል። ብዙ ሰው ያወራል ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፣ ግን እሱ በሥርዓት ነው የሚያወራው። በእኛ ቋንቋ አንተ ወይም አንቺ ሳይሉ ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ ማለት አይቻልምና፣ ግንዳቸው ሻካራና ጠጉራም የሆኑትን አንተ፣ ቅጠላቸው ሰፊና ለስላሳ የሆኑትን አንቺ ብሎ ከፋፍሎ ለዓመታት ሲያስተዳድራቸው ኖሯል። "አንተ ደግሞ ምን ያኮራምትሃል?" ይላል። "አንቺ፣ ትናንት ያጠጣሁሽ የት ገባ?" ይላል። የበሩ ዘበኛ ሲወጣ ጠብቆ ይይዘዋል።

"ጋሼ ጤዛ፣ ዛሬስ መለሱልህ?"

"አንተ ከምትመልስልኝ እነሱ ይሻላሉ" ይለዋል።

በቅርቡ የተቀጠረችው ወጣት መምህርት ይህን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። በልጁ ዕድሜ ናት፤ "አንቺ ካላሉኝ አልሰማዎትም" ብላ ያስለመደችው ራሷ ናት። "ጋሼ፣ እነዚህ ትልልቆቹ እኮ ወንድም ሴትም አይደሉም" አለችው። "ወንድነትና ሴትነት ያለው ትንንሾቹ ላይ ነው፤ ከብናኙ መጀመሪያ የሚበቅሉት፣ ጥፍር የማያክሉት ላይ። እነሱ ወልደው ሲጠፉ ነው ትልቁ ፈርን የሚመጣው።" ጋሼ ጤዛ አፈረ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ያልጠየቀውን ጾታ ሲያድል መክረሙ ነው። ቢሆንም በማግስቱ ጠዋት ሻካራውን ግንድ "ደህና አደርክ" ከማለት አልተመለሰም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉታል ይህን።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለቱ በቅጠል ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

የሚኖረው ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። አንዱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ላይ ልብስ ይከመርበታል። ምግብ ሲሠራ እጁ የለመደውን መጠን ስለማይረሳ ሁልጊዜ ለሁለት ሰው ይሠራል፤ የተረፈውን በማግስቱ በምሳ ዕቃው ይዞ ይሄዳል። ማታ ሬዲዮኑን ይከፍታል፤ የሚለውን አይሰማም፤ ሰው ያለ እንዲመስለው ነው። ብቸኝነት እንዲህ ነው፤ ሰው ፊት አያስለቅስም፣ ግን ድስት ሲጥዱ ያስታውቃል።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው ገና ስትድህ ነበር። ዘመድ ሁሉ "ልጅቷን ለአክስቷ ስጥ፣ ወንድ ልጅ ሕፃን አያሳድግም" አለው። እምቢ አለ። ሽንት ጨርቅ አጠበ፣ ትኩሳት ታቀፈ፣ ጸጉር መሥራት ከጎረቤት ተማረ። መንገዱን ቀጥ ማድረግ ግን እስከ መጨረሻ አልሆነለትም፤ የልጅቷ ጸጉር መሐሉ ላይ ሁልጊዜ እንደ ጅረት ጠመዝማዛ ነበር። ጎረቤት ሁሉ "እናትም አባትም ሆኖ አሳደጋት" ይል ጀመር። ልጅቷ አፏን ስትፈታ የግቢው ሴቶች እማ በይ ሲሏት፣ እሱ አባ በይ ሲላት፣ ጉዳዩን በራሷ መንገድ ጨረሰችው። "እማባ" አለችው።

እማባ ሆነ። ሲጨልም እማባ፣ ሲርባት እማባ፣ ቅዠት ሲያስነሳት እማባ። ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ግን በር ላይ "እማባ!" ብላ ስትሮጥ ልጆች ሳቁባት። ሳቁ ከሷ ይልቅ እሱን ወጋው። "ከዛሬ ጀምሮ አባዬ ብቻ በይኝ፤ ወንድ ነኝ" አላት። ታዛዥ ልጅ ነበረች፤ ያን ቀን እንደታዘዘች ቀረች። እሱ ግን ያን ስም ለብዙ ጊዜ በጆሮው ሲጠብቀው ኖሯል።

አድጋ መድኃኒት ቤት ሥራ አገኘችና ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። በየጊዜው ትደውላለች፣ ለእረፍት ትመጣለች። ባለፈው ስትመጣም በልተው ጨርሰው፣ እሷ እያጠበች እሱ እያደራረቀ ሳለ ነው የነገረችው።

"አባዬ፣ አርግዣለሁ።"

ሳህኑን ይዞ ቆመ። "አባቱስ?"

"አይኖርም። ተነጋግረን ጨርሰናል። ብቻዬን ነው የማሳድገው።"

ውስጡ የመጣው ነገር ፍርሃት ነበር። እነዚያ ትኩሳት የታቀፈባቸው ሌሊቶች፣ የሚያማክረው ሰው ያጣባቸው ጊዜያት ናቸው ትዝ ያሉት፤ ልጁ ያን መንገድ እንድትሄድበት አልፈለገም። እንዲህ ብሎ ቢነግራት ኖሮ ይህ ታሪክ ባልኖረ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አባት የሌለው ልጅ ደግሞ ምኑ ልጅ ነው? አንድ ሰው ብቻውን አሳድጎ ማን ሰው ሆነ?"

ልጅቷ እጇን ከውሃው አወጣች። "እኔን ስንት ሰው ነው ያሳደገኝ?" አለችው።

"የኔ ሌላ ነው" አለ።

ሌላ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ቆማ ጠበቀች። እሱ የደረቀውን ሳህን መልሶ አደራረቀ። እጇን አደራርቃ ቦርሳዋን አነሳች። በሩን ብትወረውረው ይሻለው ነበር፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጦ ቢከተለውም አይመለስም። እሱ ደግሞ ሮጦ አልተከተለም።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝም አለ። እሷ አልደወለችም። እሱም ቁጥሯን እያወጣ፣ "ምን ልበል?" እያለ፣ መልሶ ኪሱ ይከተዋል። ለሰው አልነገረም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ቀኑ በሄደ ቁጥር የሚወለደው ልጅ ያለ አያት ሊወለድ መሆኑን ያውቃል። ከእንግዲህ በዓለም ላይ ያለው ሥጋው እነዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋን በቃሉ ገፍቷታል፣ ሌላኛውን ጭራሽ አያውቀውም።

በእነዚያ ቀናት መምህርቷ ለተማሪዎቿ የሚሆን ብናኝ በሁለት ሳህን እንዲዘራላት ጠየቀችው። የፈርን ብናኝ ከቅጠሉ ጀርባ የሚገኝ ቡናማ ዱቄት ነው። ወረቀት አጥፎ፣ በጥፍሩ ጠረጴዛውን ቀስ እያለ እየመታ፣ ዱቄቱን እርጥብ አፈር ላይ ማዝነብ የሱ ጥበብ ነው። አንዱን ሳህን በደንብ ዘርቶ ሁለተኛውን ሊጀምር ሲል በር ላይ የሰቀለው ጃኬት ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ልጁ መሰለችው። ወረቀቱን እዚያው ጥሎ ሮጠ።

"ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው" አለው አንድ የማያውቀው ሰው።

ሲመለስ በሩን ከፍቶ ስለተወው ነፋሱ ወረቀቱን ባዶ አድርጎታል። "የተረፈ አይጠፋም" ብሎ ሳህኑን ከደነ። ለመምህርቷ ምንም አልተነፈሰም።

የመጀመሪያው ሳህን ሳምንታት ሲያልፉት አረንጓዴ ምንጣፍ ሆነ። በሁለተኛው ላይ የበቀለው አንድ ብቻ ነበር። አፈሩ መሐል፣ ጎረቤት የሌለው፣ ነጥብ የሚያክል አረንጓዴ ነገር። ጋሼ ጤዛ ሳህኑን ማሰሮዎቹ ኋላ ሸሸገው። በማግስቱ አየው፣ አለ። በሳምንቱም አየው፣ አለ። አንጀቱ አልችል አለና ከምሳ ዕቃው ጋር ጠቅልሎ ቤቱ ወሰደው፤ መስኮቱ ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲገባ ሰላም የሚለው ነገር አገኘ።

ግን ምን ብሎ ሰላም ይበል? አሁን ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ መምህርቷ ጾታው ያለው ትንንሾቹ ላይ ነው ብላዋለች። "ደህና ዋልክ" ብሎ ጀመረና ተወው። "ደህና ዋልሽ" አለና እሱንም ተወው። አንድ ቀን መምህርቷ ጥቅጥቅ ያለውን ሳህን በአጉሊ መነጽር ስታይ ደርሶ አጠገቧ ቆመ።

"ይዩት ጋሼ" አለችው። "ይቺ ልብ የምትመስለው ቀድማ የበቀለችው ናት። ዙሪያዋን የከበቧት ትንንሾቹ ዘግይተው የበቀሉት ናቸው። አብዛኞቹ ወንድ ሆነዋል።"

"ማን ወስኖላቸው?"

"እሷ። ቀድማ ስትበቅል እርጥበቱ ውስጥ አንድ ነገር ትለቃለች፤ የመልእክት ዓይነት በሉት። ዘግይቶ የሚነሳው ያ መልእክት ሲደርሰው ወንድ ይሆናል፣ ትንሽ ሆኖ ይቀራል።"

ጋሼ ጤዛ ጉሮሮውን ጠረገ። "ለመሆኑ ብቻውን የበቀለስ? ማንም ምንም ያልነገረው?"

መምህርቷ ከመነጽሩ ቀና አለች። "ሁለቱንም ይሆናል። ወንዱም ሴቱም እዚያችው አንዲት ገላ ላይ ናቸው፤ እናትም አባትም። ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ወንዱ ዘር ወደ ሴቷ የሚዋኝበት ቀጭን ውሃ። ያን ካገኘ ከራሱ ብቻ ትልቅ ፈርን ሊወጣ ይችላል።"

"ደህና ይወጣል?"

"አንዳንዱ ይከሽፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከማንም የማያንስ ይሆናል። ምነው ጋሼ?"

"ምንም" አለና መርጫውን አንስቶ ወደ ውስጥ ሄደ። ከሚረጨው ውሃ ሌላ ፊቱ ላይ የወረደው ምን እንደነበር እኔ አልናገርም። እናትም አባትም የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቶታል፤ ምስጋና ነበር። ምስጋናውን ለራሱ ተቀብሎ፣ ልጁ ያንኑ ልትሆን ስትነሳ ነውር አደረገባት። ቀድሞ ስለበቀለ ብቻ፣ ትንሽ ሆነሽ ቅሪ የሚል መልእክት ለቀቀባት።

ያን ዕለት ማታ ልብሱን ከሁለተኛው ወንበር ላይ አነሳና ሳህኑ ፊት ተቀመጠ። አንተ ቢለው ግማሹን ሊረሳው ነው፤ አንቺ ቢለው ሌላውን ግማሽ። ብዙ አሰበ። ድንገት ብድግ አለና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

"እንደምን አመሹ?" አለ።

አንቱ! አንቱ ወንድም ሴትም አይለይም። ለታላላቅ ሰዎች ተብሎ የተሠራው ቃል፣ ለካ ለእንዲህ ያለውም ይበቃ ኖሯል። በሰፈሩ አንቱ የተባለ ሰው ወጥቶ አያውቅም፤ አንቱ የተባለ ቅጠል ግን ወጣ። ከዚያ ወዲያ "ውሃ ላቅርብልዎ?"፣ "ብርድ ነካዎት እንዴ?" እያለ እንደ ቤት አሽከር ያገለግለው ጀመር። ጎረቤቱ በግድግዳው በኩል ሰምታ ኖሮ፣ "ጋሼ፣ የከበረ እንግዳ መጣብዎት?" አለችው። አዎ አላት።

እንግዳው አድጎ የትንሽ ጣት ጥፍር አከለ፤ ጫፉ ገባ ብሎ ልብ መሰለ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ አየበት። ጋሼ ጤዛ ወረንጦ አንስቶ ሻጋታውን ሊስብ ሲል እጁ ከበደው፤ ቅጠሉ መሐል ለመሐል ተቀደደ። ግማሹ አፈሩ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ከወረንጦው ጋር መጣ።

ደንግጦ ቆመ። "እኔ የነካሁት ነገር ሁሉ" አለ። አልጨረሰውም። አልጋው ላይ ጋደም አለ፤ ሬዲዮኑንም አልከፈተ፣ ድስቱንም አልጣደ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቤቱ ባዶ ሆኖበት አያውቅም።

ጠዋት ሳህኑን ይዞ መምህርቷ ዘንድ ሄደ። የሸሸገውን ሁሉ፣ ነፋሱንም፣ ስልኩንም፣ የተሳሳተውን ሰውዬ ሳይቀር ተናዘዘ። ትቆጣለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ቁራጩን አየችና በወረንጦ አፈሩ ላይ መልሳ አጋደመችው።

"አይጣሉት። እነዚህ ሲቆረጡ አይሞቱም፤ ከቁስሉ አካባቢ ያሉት ሕዋሳት እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ቁራጩም ራሱን ችሎ ይበቅላል።"

"ያረጀውም?"

"ያረጀውም። ጊዜና እርጥበት ይስጡት እንጂ።"

ጊዜውን ሰጠው፤ ከራሱ ተርፎት ያለው እሱ ነበርና። እርጥበቱን ለመስጠት ደግሞ ስሙ ራሱ ጤዛ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ለረጅም ጊዜ ቡናማ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ ትንንሽ አረንጓዴ ምላሶች አወጣ። ሥሩን ይዞ የቀረው ግማሽ ደግሞ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከሥሩ አንዲት ነገር ቀና አድርጎ ተገኘ። የተጠቀለለች ቀጭን ቅጠል፣ እንደ ሕፃን ጭብጥ። ትልቁ ፈርን መጀመሩ ነው።

ጋሼ ጤዛ ሮጦ በሩን ከፈተ፤ ለማን እንደሚነግር ግን አላወቀም። ደረጃው ላይ ሰው የለም። ጎረቤቷ ወጥታለች። ዘበኛው ቢሰማ ይስቅበታል። በዓለም ላይ ይህን ሊነግራት የሚፈልገው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ወሯ ገብቷል። በሩን ዘጋ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ስልኩን አወጣ። ምን ልበል ብሎ ከጠየቀ እንደማይደውል ስለሚያውቅ ሳይጠይቅ ደወለ።

ጠራ። ብዙ ጠራ። ከዚያ ተነሳ፤ ሃሎ የሚል ግን የለም። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ የከበዳት ሰው ትንፋሽ።

"እኔ ነኝ" አለ።

ስልኩን አልዘጋችም።

"አንቺ ባታናግሪኝም እውነት አለሽ። ጉዳዬ ካንቺ ጋር ሳይሆን ከ... ከእሱ... ከእሷ..." ምላሱ ተሳሰረ። "ስልኩን ሆድሽ ላይ አድርጊልኝማ። ከዚያ ከፈለግሽ ትዘጊዋለሽ።"

ዘጋችው ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ የጨርቅ መንኮሻኮሽ ተሰማ፤ ቀጥሎም ድምፁ ታፈነ። ጋሼ ጤዛ ብድግ አለ። ሹራቡን አስተካከለ። አንተ ብሎ ሊጀምር አሰበ፣ አንቺ ብሎ ሊጀምር አሰበ፤ ዓይኑ ሳህኑ ላይ አረፈ።

"እንደምን አሉ?" አለ። "አያትዎ ነኝ። አንቱ የምልዎት ወንድ ይሁኑ ሴት ስላላወቅሁ ነው። ደግሞም ይገባዎታል። እርስዎ ሳይመጡ እናትዎን አንድ ክፉ ነገር ተናግሬያቸዋለሁ። አንድ ሰው ብቻውን አሳድጎ ማን ሰው ሆነ አልኳቸው። ውሸቴን ነው። እናትዎን እኔ ነኝ ብቻዬን ያሳደግኋቸው፤ ይኸው ሰው ሆነው እርስዎን ተሸክመዋል። ከባድ ነው እንጂ ይቻላል። የፈራሁት ክብደቱን ነበር፤ አነጋገር ስለማላውቅ ነው።" ወደ ሳህኑ ጠጋ ብሎ ቀጠለ። "አይስጉ። እናትዎ እማባ ይሆኑልዎታል። እማባ ምን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ።"

በወዲያኛው በኩል ጨርቁ እንደገና ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ድምፁ ተከፈተ፤ ልጅቷ አፍንጫዋን ሳበች።

"አልሰማም" አለች።

እሷ ራሷ አልሰማህም ማለቷ ይሁን ሆዷ ውስጥ ያለው አልሰማም ማለቷ፣ ከቃሉ መለየት አይቻልም። እሱም አልጠየቀም።

"ድምፅህን ከፍ አድርግ" አለችው። ስልኩም እንደገና ወደ ሆዷ ወረደ።

ጋሼ ጤዛ ጎንበስ ብሎ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ አድርጎ፣ "እንደምን አሉ?" ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ።